የሼፍ ደመወዝና የሼፍ ገቢ

ውድ ጠያቂያችን፣ በምግብ ዝግጅት የብቃት ምዘናውን ካለፍሽ በኋላ ጎንደር ውስጥ አንድ ሆቴል በ5,200 ብር ደመወዝና በሰርቪስ ቻርጅ፣ አንድ ምግብ ቤት ደግሞ ያለ ሰርቪስ በ7,000 ብር ሊቀጥሩሽ መፈለጋቸውን ገልጸሽ፣ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀሽናል።

በግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ሁለቱም ቁጥሮች የድርድር ውጤቶች ናቸው። ሰርቪስ ቻርጅ በሂሳቡ ላይ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ታስቦ ለሠራተኞች የሚከፋፈል በመሆኑ፣ በጥምቀት ሰሞን ዳጎስ ይልና ክረምት ሲገባ ይመነምናል፤ የቱሪስቱ መቀዛቀዝ ደግሞ ካንቺ የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ሆቴሉን «ባለፈው ሐምሌ ለጀማሪ ኩክ ስንት ደረሰ?» ብለሽ ጠይቂ።

ይልቁንም ብዙዎች የሚዘነጉት የሰዓቱን ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሆቴሉ 5,200 ብር በወር ለ26 የሥራ ቀናት፣ ማለትም ለ208 ሰዓት ሲካፈል፣ ሰዓቱ 25 ብር ይመጣል፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ይባዛል፤ በሕዝብ በዓል የሚሠራ መደበኛ ሰዓትም እጥፍ ይከፈልበታል። ምግብ ቤቱ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ምድጃ ላይ አቁሞሽ ትርፍ ሰዓት የማይከፍል ከሆነ፣ 7,000 ብሩ ለ338 ሰዓት ተከፋፍሎ ሰዓቱ 21 ብር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለው ቅጥር (በሙያው የተለመደ መሆኑ ትክክል አያደርገውም) በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። በተጨማሪም ከደመወዝሽ 7 በመቶ ተቀንሶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ጨምሮ ጡረታ የሚገባልሽ መሆኑን አረጋግጪ።

የእኔ ግምት ወደ ሆቴሉ ያዘነብላል፤ ይህም የትርፍ ሰዓቱ አከፋፈል በውሉ ላይ ከሰፈረና ከቀዝቃዛ ምግብ ወደ ትኩስ፣ ከዚያም ወደ ኬክ ክፍል እያዛወሩ የሚያሠሩሽ ከሆነ ነው። አንድ ክፍል ብቻ የምታውቅ ኩክ ለ«ሱ ሼፍ»ነት (ለዋናው ሼፍ ምክትልነት) ስትወዳደር ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የደመወዙ እርከን በግልጽ የሚሰፋውም እዚያ ላይ ነው።

ከቅጥር ውጭ ያለውንም አትናቂ። የጥርና የሚያዝያ ሠርጎች በድግስ ተዋውለው ለሚሠሩ እጆች ጥሩ ይከፍላሉ፤ ጸጥታው ሲፈቅድ ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዙ እንግዶች ከደባርቅ ማብሰያ ባለሙያ በቀን ሒሳብ ይዘው ይወጣሉ፣ ጉርሻም ይጨምራሉ። እነዚህን በዕረፍት ቀንሽ መሥራት እንድትችይ፣ ሆቴሉ የሚከለክል አንቀጽ በውሉ አለማስገባቱን ከመፈረምሽ በፊት አንብበሽ አረጋግጪ።