7-4 ላይ የቆመው ደብተር

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንወጣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ቆሞ ለማውራት አይመችም። ልጁ ግን የያዘው ጉዳይ ከብርዱ ብሶበት ነበር።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ 12 ጌም እጨርሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ። በደብተር እየመዘገብኩ ነው። እስካሁን 5 ደርሻለሁ። አንዱን ግን ከባዱ ቦታ ላይ ጓደኛዬ ነው ያሳለፈኝ። ይቆጠራል?»

እኔን የጠየቀኝ ጌም አዋቂ ሆኜ አይደለም። ቀያሽ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሰሜን ሸዋን በሌቭልና በቴዎዶላይት፣ ኋላም በቶታል ስቴሽን ስለካ ኖሬያለሁ። በመስክ ደብተር ጉዳይ ድርቅ የምል ሰው መሆኔን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ልጁም ለደብተሩ ዳኛ ፈልጎ ነው የመጣው።

«አስቤበት እነግርሃለሁ» አልኩትና ተለያየን። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ጌም ደብተር ሲነሳ እኔ የምሸሸው አንድ ደብተር አለ።

መጀመሪያ ስለ ሙያዬ ጥቂት ልበል። የመስክ ደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር በላጲስ አይጠፋም። ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ። ስሕተቱ ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት። ትክክለኛውን ከላዩ ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ፣ ቀን ታኖራለህ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሌቭሊንግ (የመሬት ከፍታ በሚለካበት) ሥራ እያንዳንዱ ንባብ የሚቆመው ቀድሞት በመጣው ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንዲት የውሸት ቁጥር ብትገባ፣ እስከ ማታ የሚለካው ሁሉ በእሷ ልክ ሊዛባ ይችላል።

ጀማሪ ሳለሁ ጣርማ በር ላይ ጉም ወረደብን። ከመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ጥቂት ራቅ ብለን ነው የምንሠራው። ስታፍ (ቁጥር የተጻፈበትን የመለኪያ ዘንግ) የያዘው ልጅ ድምፁ ይሰማል፣ እሱ ግን አይታይም። ከቀደሙት ንባቦች ተነስቼ የሚቀጥለውን መገመት እችል ነበር። እርሳሴን አንስቼም ነበር። አለቃዬ እጄን ያዘኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉሙ እስኪገልጥ በሻሽ ተጠቅልለን ተቀመጥን። ይህን ትምህርት ያገኘሁት በ1987 ነው። እንግዲህ በዓመቱ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

1988 ክረምት። እኔ 24 ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ 13። ሥራዬ ደብረ ሲና ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እናታችን ቤት እመጣለሁ። በዚያ ዓመት የአክስታችን ልጅ ከጅዳ ስትመጣ አንድ የቲቪ ጌም ይዛ መጣች። ካሴቱ ላይ «9999 በ1» ይላል። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በአንድ ከፍቶ ሲያይ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ያው ጌም ስሙ እየተቀያየረ የተደገመ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ሁሉ አንዱን መረጠ። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን።

ለማታውቁት፣ ይህ ጌም 8 ዓለም አለው። እያንዳንዱ ዓለም 4 ስቴጅ። ድምሩ 32። ያለንበትን ቦታ የሚያስቀምጥ ነገር የለውም። ነፍስህ ካለቀ ከ1-1፣ ማለትም ከ1ኛው ዓለም 1ኛ ስቴጅ ትጀምራለህ። መብራት ከሄደም እንዲሁ። ክረምት በደብረ ብርሃን ደግሞ መብራት መሄዱ የማይቀር ነው።

ወንድሜ 32ቱንም ትምህርት ቤት ሳይከፈት አልፋለሁ ብሎ ደብተር አዘጋጀ። በማስመሪያ አሰመረው። ቀን፣ የደረሰበት ስቴጅ፣ የቀረው ነፍስ፣ የሞተበት ምክንያት። ምክንያቱን እንዴት እንደሚጽፍ ብታዩ! «2-3፣ ዓሣ። ቸኩዬ ነው።» «4-1፣ ደመና ላይ ያለው ሰውዬ። ቆሜ አየሁት።» 3-1 መጨረሻ ላይ ባለው ደረጃ ኤሊዋን ደጋግሞ እየረገጡ ነፍስ ማብዛት እንደሚቻል ራሱ ደረሰበት። ደስ አለው። ግን ያንን ለብቻው ሌላ ዓምድ ሠራለት፤ «በኤሊ የተገኘ» የሚል። ከሌላው ነፍስ ጋር አልደባለቀውም። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። በየዓለሙ 4ኛ ስቴጅ ባለው ግንብ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ የሚወጣውን ጽሑፍም ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው «ልዕልቷ ሌላ ግንብ ውስጥ ናት» ማለት መሆኑን ያወቀው።

4-4 ላይ ሲደርስ መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመልሰዋል። ጌሙ የተበላሸ መስሎት ነበር። ኋላ ላይኛውንና ታችኛውን መንገድ በደብተሩ ሣለና አለፈው። እኔ የተቀጠርኩበትን ሥራ ነበር የሠራው፤ በ13 ዓመቱ፣ ባና ለብሶ፣ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ ማታ፣ 7-4 ደረሰ። 5 ነፍስ ይዞ። 7-4ም እንደ 4-4 ያዞራል፤ ግን ይከፋል። እናታችን ተኛ እስክትለው ሞከረ። ጌሙን ፖዝ አድርጎ ቴሌቪዥኑን ብቻ አጠፋ። አዳፕተሩ እንዳይግል መሬት ላይ አኖረው። ከላዩ ወረቀት ተወ፤ «እንዳትነኩ» የሚል።

እኔ ነካሁት።

ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያን ሰሞን እናታችን ለጎረቤት የምታወራው ስለ እሱ ደብተር ነበር። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ፣ ወሬው የእሱ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ቅናት ነው። በዚያ ላይ ደብረ ሲና ያከራየኝ ሰውዬ ልጅ አንድ ምስጢር አሳይቶኝ ነበር። 1-2 ላይ ከጣሪያው በላይ ከሄዳችሁ፣ በቀጥታ ወደ 4ኛው ዓለም የሚያሻግር ቧንቧ አለ። 4-2 ላይ ደግሞ ከተደበቀ ሐረግ ወጥታችሁ 8ኛው ዓለም ትገባላችሁ። ከ32ቱ ስቴጅ 8ቱን ብቻ ረግጣችሁ ጌሙ ያልቃል።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሪሴቱን ተጫንኩ። የወንድሜ 7-4 ጠፋ። ሊነጋ ሲል 8-4 አለቀ። ደብተሩን ወሰድኩና በገዛ እጄ ጻፍኩ። «8-4 ተጨርሷል። 32/32።» ከሥሩ ስሜ።

ጠዋት ሲነሳ መብራት ሄዶ እንደነበር ነገርኩት። መብራቱ ሲመጣ እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደጨረስኩ ነገርኩት። ደብተሩን አየ። አላለቀሰም። አልተቆጣም። «7-4ን እንዴት አለፍከው?» አለኝ። ዓይኑ ላይ የነበረው ፍላጎት አሁንም ይታየኛል። እኔ 7-4ን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «በላይ በኩል ነው፤ ዝም ብለህ በላይ ሂድ» አልኩትና በማግሥቱ ደብረ ሲና ወረድኩ።

ይህን ነገር እንደ ተራ የልጅነት ተንኮል ረስቼው ነበር። በ2011 እናታችን ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ደብተሩ ወጣ። ከእኔ መስመር በኋላ የጻፈውን ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት።

«ነሐሴ 20፣ 7-4፣ በላይ፣ ተመለሰ።»
«ነሐሴ 23፣ 7-4፣ በላይ፣ በላይ፣ ተመለሰ። ነፍስ አለቀ።»
«ነሐሴ 28፣ 5-3 ሞትኩ። ቸኩዬ ነው።»
«ጳጉሜን 2፣ 7-4፣ በላይ፣ ተመለሰ። ወንድሜ አልፎታል። እኔ የማላየው ነገር አለ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

4-4ን በእርሳስ ሥሎ ያለፈ ልጅ ነው። ያን ውሸት ባልነግረው 7-4ንም ሥሎ ያልፈው ነበር። ቃሌን አምኖ መሣሉን ተወ።

እንግዲህ የወጣቱን ጥያቄ ልመልስ። ይቆጠራል። ግን ወንድሜ ለኤሊዋ እንዳደረገው የራሱን ዓምድ ስጠው። «ይህን ቦታ ጓደኛዬ አሳለፈኝ» ብለህ ጻፍ። «ጨረስኩ» ማለት ለአንተ ምን እንደሆነም ከመጀመርህ በፊት የደብተሩ ሽፋን ላይ አስፍር። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ውሰድ። ታሪኩ አልቆ ስሞች ይወርዳሉ። ጌሙ ራሱ የሚያሳይህ መቶኛ ግን ገና 100 አልሞላም። የቱ ነው መጨረሻው? ሁለቱም ያስኬዳል። ስትጀምር አንዱን፣ ስትጨርስ ሌላውን መያዝ ግን አያስኬድም። የኳስ ጌም ከሆነማ ማለቂያ የለውም፤ አንድ የውድድር ዘመን ብለህ ወስን። ቴትሪስንም እንዲሁ መጨረሻ የለውም እንል ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ አንድ አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን ቴትሪስ 157ኛው ደረጃ ድረስ ሄዶ ጌሙ ራሱ እንዲቆም አደረገው። ዕድሜው 13። ዜናውን ሳነብ የማን ፊት እንደመጣብኝ መናገር አያስፈልገኝም።

ሰዓት በመቁጠርም ብዙ አትመኩ። ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚቆጥረው ጌሙ የተከፈተበትን ጊዜ ነው። ቡና ልትጠጣ ብትሄድም ይቆጥራል። ይልቅ ስታቆም የት እንደቆምክና ቀጥሎ ምን ልታደርግ እንደነበር አንድ መስመር ጻፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ትፈልገዋለህ። የተውከውን ጌምም ከዝርዝሩ አትፋቅ። «ሰለቸኝ» ብለህ ከነቀኑ ተወው፤ እሱም ንባብ ነው። 12 የሚለው ቁጥር ራሱ እኔን ብዙም አይማርከኝም። ቁጥሩን ለመሙላት አጫጭር ጌም መፈለግ ትጀምራለህ። አንድ ጌም ዓመቱን ሙሉ ቢፈጅብህ ምን ቸገረህ?

ሌሊት አታምሹ፣ ትምህርታችሁን አትርሱ የሚለውን እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል፤ እኔ አልደግመውም።

በዘንድሮ ልጆች አንድ ቅሬታ አለኝ። ገና ሳትጀምሩ ታውጃላችሁ። በቴሌግራም፣ በቲክቶክ «ቻሌንጅ ጀመርኩ» ይባላል፤ መጨረሻውን ማንም አያይም። ደብተራችሁን ለማንም አታሳዩ። ሌላው ደግሞ፣ ትንሽ ሲከብዳችሁ ዩቲዩብ ትከፍታላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ቀን ተይዞ መቆየትን አታውቁትም። ይህን እላለሁና መልሼ ሳስበው፣ በ1988 ወንድሜ ዩቲዩብ ቢኖረው የእኔ ውሸት አምስት ደቂቃ አትቆይም ነበር። ደብተሩን አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ኖሮም የሌሊቱን 32/32 ይጠይቀኝ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሰው አሳዩ። ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው።

እሑድ ዕለት ለወንድሜ ደወልኩለት። ሸዋሮቢት ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሪሴቱን፣ ቧንቧውን፣ «በላይ በኩል» ያልኩትን። «የቱ ደብተር?» አለኝ። ጨርሶ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው እናታችን ትቆላልን የነበረውን ገብስና በፒንሳ የምናዞረውን የቴሌቪዥኑን ማዞሪያ ነው። ስለ እነሱ ብዙ አወራን። ከዚያ ደንበኛ መጣበትና ዘጋ።

እሱ ረሳው፤ ደብተሩ ግን አልረሳም። ማታ ከመሳቢያዬ አወጣሁት። «8-4 ተጨርሷል። 32/32» በሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩበት፤ ከሥሩ በደንብ ይነበባል። ከላዩ ጻፍኩ። «8 ከ32። በቧንቧ። 7-4ን አላየሁም። ሪሴት የተጫንኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ። ጥር 2018።