«መስጠት» የሚለው ቃል የተከለከለበት ሸለቆ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጸሐፊዋን የአይን ራንድን «አትላስ ሽራግድ» የተባለ ልብ ወለድ አውሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አባቴ በላቡ ያሠራቸው ሁለት የኪራይ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ተወርሰውበት እያዘነ ስለ ሞተ፣ መጽሐፉ የእርሱን እውነት የተናገረለት መሰለኝ። ነገር ግን ክርስቲያን የሆኑ የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎች ክፉኛ ያወግዙታል፤ አድናቂዎቿ ደግሞ ስም ማጥፋት ነው ይላሉ። እውነቱ ከማን ጋር ነው? ክህደቷን ትቼ ስለ ሥራና ስለ ንብረት ያለችውን ብይዝስ? በየወሩ ለሀገር ቤት ዘመዶቼ ገንዘብ እልካለሁ፤ ካነበብሁት ወዲህ ግን እጄ እየከበደኝ መጥቷል።

መልስ፦ ልጄ፣ የአባትህን ቤቶች ማንሣትህ መልካም ነው፤ ያነበብኸው መጽሐፍም የበቀለው ንብረት ከመወረስ ቁስል ነውና። አይን ራንድ እ.ኤ.አ. በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች፤ ቦልሼቪኮች የአባቷን መድኃኒት ቤት ሲወርሱት ገና ልጅ ነበረች፤ በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻገረች። «ለወገንህ ስትል» እየተባለ የሰው ላብ ሲነጠቅ በዓይኗ ያየች ሴት «ለወገን» የሚለውን ቃል ብትጠላ አልፈርድባትም። ቅዱስ ጴጥሮስም ሐናንያን በገሠጸው ጊዜ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ዋጋው በእጁ እንደ ነበረ አስታውሶታል (የሐዋ. 5፥4)። ሐናንያ የጠፋው ባለ ንብረት በመሆኑ ሳይሆን በመዋሸቱ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። መጽሐፉ በጥቅምት 1957 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር፣ ወግ አጥባቂው ጸሐፊ ዊልያም በክሊ በመሠረተው «ናሽናል ሪቪው» መጽሔት ላይ ዊተከር ቻምበርስ የተባለ ጸሐፊ ብርቱ ሂስ ጻፈበት። ቻምበርስ ለሶቪየቶች ሲሰልል ቆይቶ፣ ከኮሚኒዝም ሸሽቶ ወደ እግዚአብሔር የተመለሰ ሰው ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀስለት፣ ከመጽሐፉ ገጾች ሁሉ ማለት ይቻላል «ወደ ጋዝ ክፍሉ ሂዱ!» ብሎ የሚያዝዝ ድምፅ ይሰማል ያለው ነው። የራንድ አድናቂዎች ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። የልብ ወለዱ ጀግና ጆን ጋልት ማንም በማንም ላይ ኃይል መጠቀም እንዳይጀምር የሚሰብክ ነው፤ ገዢዎቹ የሀገሪቱን ኢኮኖሚ እንዳሻው እንዲያዝዝበት ሥልጣን ሲያቀርቡለት እምቢ ይላል፤ ስለዚህም ይሠቃያል። እንዲህ ያለውን ሰው በጋዝ ክፍል ሰው ከፈጀ ናዚ ጋር ማቆም ግፍ ነው ይላሉ።

በዚህ ነጥብ የምፈርደው ለአድናቂዎቿ ነው። በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከር የታዘዝነው ባልንጀራችን አማኝ ሲሆን ብቻ አይደለም። ለእምነታችን ጥብቅና የቆምን መስሎን ያልተባለውን እንደ ተባለ አድርገን የምንናገር ብዙዎች ነን፤ በዚህ የምናተርፈው ቢኖር መጽሐፉን ያነበበ ወጣት ዳግመኛ እንዳያምነን ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ቻምበርስ በዚያው ጽሑፍ የተናገረው፣ በጋዝ ክፍሉ ጩኸት የተሸፈነ፣ ሌላ ቁም ነገር አለ። የራንድም ሰው የማርክስም ሰው አምላክ በሌለበት ዓለም መካከል ላይ እንደ ተቀመጠ አየ፤ የማርክስን ሰው በቅርብ የሚያውቅ ነውና አየው። አባትህን የቀማው ሥርዓት የዙፋኑን ባለቤት አውርዶ «ሕዝብ» የሚባለውን አስቀመጠበት። እርሷ ደግሞ ያንን አውርዳ «እኔ»ን አስቀመጠች። የጠላትህ ጠላት በመሆኗ ብቻ ወዳጅ አድርገህ ተቀበልሃት፤ ዙፋኑ ግን አሁንም ባለቤቱ አልተመለሰበትም።

ክህደቷን ትቼ ሌላውን ልያዝ ላልኸው፣ መልሱን የምትሰጥህ ራሷ ራንድ ናት። ለበክሊ ገና ሲተዋወቁ፣ በእግዚአብሔር ለማመን ከሚገባው በላይ አስተዋይ እንደ ሆነ እንደ ነገረችው እርሱ ራሱ ተርኳል። በ1960 ባደረገችው ንግግር ወግ አጥባቂነትን እንደ ሞተ ቆጥራ መርዶውን አረዳች፤ ምክንያቷም ነጻ ገበያን በእምነት ላይ የሚያቆም ሰው የማሰብን መሣሪያ ለጠላቱ ያስረክባል የሚል ነው። ለእርሷ ከአእምሮ በቀር መሪ እንደሌለ ማመን፣ ራስን መውደድ የምግባር ሁሉ መሠረት መሆኑና ነጻ ገበያ በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው። ፖል ራያን የተባለው የያኔው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በ2005 ወደ ሕዝብ አገልግሎት የገባው በእርሷ ምክንያት እንደ ሆነ ተናግሮ ነበር፤ በ2012 ግን ፍልስፍናዋ ክህደት ስለ ሆነ እንደማይቀበለውና የካቶሊኩን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስን እንደሚመርጥ ገለጸ። እርሱ ክሩን ሊተረትር ሞከረ፤ ራንድ በሕይወት ብትኖር አትፈቅድለትም ነበር። አንተ ለሥራ መትጋትንና የሰውን ንብረት አለመንካትን ከእርሷ መበደር አያስፈልግህም፤ በአባትህ ቤት ነበሩ።

አሁን ወደ እጅህ መክበድ ልመለስ፤ እውነተኛው ጥያቄህ ይህ ይመስለኛልና። ራንድ መሥዋዕትን የምትተረጕመው የከበረውን ለተዋረደው ወይም ለከንቱው አሳልፎ መስጠት ብላ ነው። ይህን ትርጕም ከእርሷ መጽሐፍ ይልቅ ደጋግሜ የሰማሁት መጽሐፉን ዐይተውት ከማያውቁ ምእመናን አፍ ነው። «እኔ ለራሴ ኖሬ አላውቅም» እያሉ በምሬት የሚያለቅሱ እናቶች፣ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ፊታቸውን አጥቁረው የሚመጸውቱ ባለ ሀብቶች፣ «ራሱን ይካድ» የሚለውን ቃል ሰምተው እግዚአብሔር የፈጠረውን ነፍሳቸውን መጥላት ትሩፋት የመሰላቸው ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ጌታ ግን ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ሲል የራስን መውደድ መለኪያ አደረገው፤ መለኪያው ከተሰበረ ባልንጀራህ በምን ይለካል? ስለ ነፍሱም ማንም እንደማይወስዳት፣ በገዛ ፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናግሯል (ዮሐ. 10፥18)። ተነጥቆ የተሰጠ ነገር መሥዋዕት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም ያለው ለዚህ ነው (2ኛ ቆሮ. 9፥7)።

አድናቂዎቿ ይህን ስትነግራቸው «እርሷም ሰውን መርዳት አልከለከለችም፤ የነቀፈችው ሰው ለሌሎች የመኖር ግዴታ አለበት የሚለውን ነው» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር የምንለያይበት ስፍራ ብዙ ሰው ከሚያስበው የጠለቀ ነው፤ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብበኸዋልና ልብ ብለኸው እንደ ሆነ ልጠይቅህ።

ጀግኖቹ ተሸሽገው የሚኖሩበትን ሸለቆ ታስታውሳለህ። ጋልት ከወዳጁ መኪና ሲወስድ እንኳ 25 ሳንቲም ይከፍላል፤ ለእንግዳዪቱም በዚህ ሸለቆ አንድ ቃል የተከለከለ እንደ ሆነ ይነግራታል፤ ቃሉም «መስጠት» ነው። በዚያው ሸለቆ ዳቦ ቤት ያላት አንዲት ወጣት እናት አለች፤ የሰባትና የአራት ዓመት ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ቻምበርስ በመጽሐፉ ዓለም ልጅ እንደማይወለድ ሲነቅፍ፣ አድናቂዎቿ የሚጠቅሱበት እነዚህን ሁለቱን ነው። እንቀበላቸው። ታዲያ የአራት ዓመቱ ልጅ የእናቱን ዳቦ የሚበላው በስንት ሳንቲም ነው?

«እናቲቱ ልጆቿን ስለምትወድ ደስታዋ ነው፤ ስለዚህ መሥዋዕት አይባልም» የሚል መልስ ይመጣል። መልካም፤ እኛስ ስጦታ የምንለው ምንን ኖሯል? የሚወድ ሰው በነጻ ፈቃዱ፣ ሊመልስ ለማይችል፣ ደስ እያለው ሲሰጥ ነው። ራንድ ቃሉን ከሸለቆዋ አባረረችው እንጂ ነገሩን ማባረር አልተቻላትም፤ ያለ እርሱ ሸለቆው አንድ ትውልድ አይሻገርም። ጆን ጋልትም ቢሆን መጀመሪያ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ሐዋርያው «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ብሎ የጠየቀው (1ኛ ቆሮ. 4፥7) ድሃውን ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ሠሪውን፣ የፈልሳፊውን፣ ያንተንም ብሩህ አእምሮ ይጠይቃል። ላንተም ፊደል ያስቆጠረህ አለ፤ በሰልፍ ላይ ተራ ይዞ የቆመልህ፣ ለጉዞህ ያዋጣልህ አለ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ካለን ለድሆች አለማካፈል ስርቆት ነው ሲል መስበኩን ሰምተህ፣ ይህስ የአባትህን ቤቶች ከወረሱት ሰዎች ቃል በምን ይለያል ትለኝ ይሆናል። እርሱ ለባለ ጸጎቹ ኅሊና ተናገረ እንጂ በደጃቸው ወታደር አላቆመም፤ ይልቁንም ወታደር የመጣው በእርሱ ላይ ነበረ፤ ያረፈውም በስደት ላይ ሳለ ነው።

እንግዲህ ስለምትልከው ገንዘብ ቁርጡን ልንገርህ። በሌላ ደብዳቤህ የጠቀስኸው ያ ጎልማሳ የአጎትህ ልጅ፣ ጤና ሳያጣ ሥራ ንቆ በየወሩ ስልክ የሚለውጥ ከሆነ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ተውለት። ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለው ቃል የሐዋርያው ነው (2ኛ ተሰ. 3፥10)፤ ኅሊናህም አይውቀስህ። ነገር ግን ራስህ ደውለህ ምክንያቱን ንገረው፤ ስልኩን አጥፍተህ አትሸሸግ። ኮሌጅ የምታስተምራትን እኅቱን ግን አታቋርጥባት። የሚቀጥለውን ክፍያ ከመላክህ አስቀድሞ፣ ስለ ገንዘብ ሳታነሣ፣ ምን እየተማረች እንደ ሆነና የትኛው ትምህርት እንደ ከበዳት ጠይቃት። እጅህ የከበደው ምናልባት ብዙ ስለ ሰጠህ ሳይሆን ለማን እንደምትሰጥ ስለ ረሳህ ይሆናል፤ ለባንክ ቁጥር ፍቅር አይኖረንም።

መጽሐፉንም ለባልደረባህ መልስለት፤ ስላዋሰህ አመስግነው። ስለ ጋዝ ክፍሉ አታንሣበት። የዳቦ ቤቷን ልጆች ብቻ ጠይቀው፤ የሚመልስልህንም ጻፍልኝ።