አሮጌ ኮርሳ ሳይክል ከመሸጥህ በፊት ምን ምኑን ታያለህ?

ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን አየኋቸው። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ፦ ደሴ ቤታችሁ ውስጥ ከአጎትህ የቀረ ኮርሳ፣ ማለትም የውድድር ሳይክል አለ። በብሩሽ ሰማያዊ ተለቅልቋል፣ የስም ሳህኑ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አንድ ሰው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ልውሰደው ብሎሃል፣ አንተ ደግሞ ምንነቱን አውቀህ ማስቀባት ትፈልጋለህ። አብሽር፣ ስሙ ቢጠፋም ብረቱ ራሱ ይናገራል። እስከዚያ ግን አትሽጠው፣ አታስቀባውም።

ከፎቶው የሚነበበው ይህ ነው። መሪው ወደ ታች የታጠፈ ነው፣ የማርሽ መቀየሪያዎቹ ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ ናቸው፣ ፍሬኑ በሽቦ ይሳባል። ስለዚህ ከቻይናዎቹ ከፎኒክስና ከፍላይንግ ፒጅን ወገን አይደለም። የነሱ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነው፣ ቸርኬያቸውም 635 ሚሊሜትር ነው። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ላይ ላለ ከተማ የጣሊያን ኮርሳ መገኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግን ጣሊያን ነው ብለን ከመፈረማችን በፊት እንመርምረው።

መጀመሪያ ምንም መፍቻ አያስፈልግህም። የኋላው ጎማ ፔርኖ የሚያርፍባቸውን ሁለት ጆሮዎች በላምባ በነከርከው ጨርቅ ጥረግና ከጎን እያቸው። ከላሜራ የተቆረጡ ከሆኑ፣ የቱቦውም ጫፍ ተደፍጥጦ የተበየደባቸው ከሆነ፣ ተራ ሥራ ነው። ወፍራም፣ በቅጥቀጣ የወጡ፣ የማርሽ መቀየሪያው መስቀያ ከራሳቸው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራላቸው፣ ከኋላ ፔርኖውን የሚገፉ ቀጫጭን ቡሎኖችም ያሏቸው ከሆኑ ግን ደህና ቤት የወጣ ቴላዮ (የሳይክሉ አጽም) ነው። ቀለሙ ሥር የጣሊያኑ ዕቃ ሠሪ የካምፓኞሎ ወይም የሌላ ሠሪ ስም ተቀርጾ ሊሆን ስለሚችል በጥፍርህ ዳስሰው። በዚያው ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን እጅጌ፣ ሉግ የሚባለውን፣ ተመልከት። ጥሩ ሠሪ የእጅጌውን ጠርዝ በሞረድ ያሳሳዋል፤ ጫፉ ቱቦው ላይ እንደ ምላጭ ሳስቶ ያልቃል። በግዴለሽነት የተሠራው ወፍራምና ደረጃ ያለው ነው፣ ነሐሱም ከጠርዙ ውጭ ፈስሶ ይታያል። ይህን ለማየት ጊዜ ስጠው። የነዚህ ሳይክሎች ውበታቸው እዚህ ጋ ነው ያለው።

ቀጥሎ የኮርቻውን ዘንግ አውጣና በካሊፐር ለካ። የጣሊያንና የእንግሊዝ ቴላዮ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ ከውጭ 28.6 ሚሊሜትር ነው። ጥሩ ቱቦ ጫፉ ወፍሮ መሀሉ ይሳሳል፤ ለምሳሌ ኮሎምቡስ ኤስኤል የተባለው የጣሊያን ቱቦ ውፍረቱ 0.9 እና 0.6 ሚሊሜትር ነው። ኮርቻው የሚገባበት ጫፍ የሳሳው 0.6 ስለሆነ ውስጡ 27.4 ይሆናል፣ የሚገባው ዘንግም 27.2 ነው። 27.2 ካገኘህ ደስ ይበልህ። 25.4 ወይም 25.8 ከሆነ ቱቦው ወፍራም፣ ከባድና ርካሽ ነው። ሁለት ነገር ልብ በል። የፈረንሳይ ቴላዮ ከውጭ 28.0 ስለሆነ 26.4 ቢሆንም ደህና ቱቦ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዘንግ ጠፍቶ ቀጭን ዘንግ በቆርቆሮ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ቆርቆሮ ካየህ ዘንጉን ትተህ የቱቦውን ውስጥ ለካ። ዘንጉ አልወጣ ካለህ ዘይት እየጠጣ ይደር፣ በማግስቱም ሞክረው። በጋዝ ብየዳ እሳት ላሙቅልህ የሚል ሰው ግን አታስጠጋው።

የፊት ሹካውን ካወለቅክ ላይኛው ግንዱ ላይ ማህተም ፈልግ። እርግብ ኮሎምቡስ ነው፤ የእንግሊዙ ቱቦ ሠሪ ሬይኖልድስም በስሙ ይታተማል። ሬይኖልድስ 531 የተባለው ታዋቂ ቱቦ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ማህተም ማጣት ግን ምንም አያስረዳም። ከፔዳሉ ቤት ሥር የምታገኘው ተራ ቁጥርም ሠሪው ካልታወቀ ብዙ አይረዳም፤ ሁሉም ፋብሪካ የሚስማማበት አቆጣጠር የለም።

አሁን ብዙ ቴላዮ የሚበላሽበት ቦታ ደረስን። የፔዳሉ ፔርኖ የሚያልፍበት ቤት በግራና በቀኝ ጥርስ ባለው ክዳን ይዘጋል፣ ጥርሱም እንደ አገሩ ይለያያል። የጣሊያን ቤት ስፋቱ 70 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ 36 ሚሊሜትር በ24 (በአንድ ኢንች 24 ጥርስ) ነው፤ ሁለቱም ክዳኖች እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞሩ ይፈታሉ። የእንግሊዝ 68 ሚሊሜትር፣ 1.37 ኢንች በ24 ነው፤ የቀኙ ክዳን፣ ካቴና ባለበት በኩል ያለው፣ ጥርሱ ግልብጥ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የፈረንሳይም 68 ነው፣ ግን 35 ሚሊሜትር በ1 (ከጥርስ ጥርስ 1 ሚሊሜትር)፣ ሁለቱም ወደ ግራ ይፈታሉ። ይህን ያላወቀ ሰው የእንግሊዙን ቀኝ ክዳን ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክቶ ወደ ግራ ይታገለዋል፣ እያጠበቀው መሆኑን ሳያውቅ። የባሰው ደግሞ 1.37 ኢንች ክዳን ከፈረንሳይ ቤት ጥቂት ሽርፍራፊ ሚሊሜትር ብቻ ስለሚለይ በጉልበት ይገባል፣ የቤቱን ጥርስ ይበላል፤ ከዚያ መጨረሻው ቶርኖ ቤት ነው። ስለዚህ የቤቱን ሁለት ጠርዝ ከቀለም አጽዳና ስፋቱን ለካ፤ የክዳኑን ፊት በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ውስጡ ሲከፈት በተለመደው አሠራር በየጎኑ 11 የሩብ ኢንች ኳስ አለ፤ ስትገጥም አዲስ ኳስና አዲስ ግራሶ አድርግ።

ግን እዚያ ለመድረስ የፔዳሉን ክንድ ማውለቅ አለብህ፣ ያንተ በሁለተኛው ፎቶ እንደማየው በሽብልቅ ፒን የተያዘ ነው። ይህ ብቻውን ርካሽ አያሰኘውም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥሩ የጣሊያን ሳይክሎችም በፒን ነበሩ። ዳዶውን እስከ ፒኑ ጫፍ ድረስ ብቻ ፍታ፣ ጥርሱን ይከላከልለታል። ክንዱን ከሥር በወፍራም ቧንቧ ደግፈህ አንድ ጊዜ በደንብ ምታው፤ በሞርሳ መጭመቅ ከቻልክ ይበልጥ ጥሩ ነው። ያለ ድጋፍ በትንንሹ መቀጥቀጥ ፒኑን ያጎብጠዋል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበትንም ይጎዳል።

ዕድሜውን ከዕቃው ትገምታለህ። የካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ላይ ከፓተንት ጽሑፉ ጎን 72፣ 78 የመሰለ ቁጥር ካለ ዓመቱን ይጠቁማል። የጃፓኑ ሺማኖ ከሆነ ሁለት የእንግሊዝኛ ሆሄ ፈልግ፦ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በፊደል ተራ፤ ሁለተኛው ወር። ዘጠነኛው ሆሄና አምስተኛው ሆሄ ማለት ሜይ 1984 ነው። ተራው በ2002 እንደገና ይጀምራል። ዕቃ ይቀየራል፣ ስለዚህ የኋላውን ጆሮዎች ርቀትም ለካ፦ 120 ሚሊሜትር ባለ 5 ፒኞን (የኋላ ማርሽ ጥርስ)፣ 126 ባለ 6 ወይም 7፣ 130 ከዚያ በኋላ የመጣ።

ስንጥቅና ግጭት ሳታይ ገንዘብ አታውጣ። ከመሪው ግንድ ኋላ፣ የሁለቱን ቱቦዎች ሆድ በጣትህ ዳስስ፤ እብጠት ወይም አግድም የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ከፊት ተጋጭቷል። ከኋላ ጆሮ ተነስተህ ክር በመሪው ግንድ ዙሪያ አድርገህ ወደ ሌላው ጆሮ አስር፤ ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን ከ2 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለበትም። ስንጥቅ ካለ በኤሌክትሪክ ብየዳ አታስነካው፤ 0.6 ሚሊሜትር ቱቦ ይበሳል። በጋዝና በነሐስ የሚሠራ፣ እጁ የቀለለ ሰው ፈልግ።

ቀለሙን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ አታስቀባ። ከፔዳሉ ቤት ሥር፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቀስ ብለህ ፈግፍግ። ከብሩሹ ሰማያዊ ሥር የፋብሪካው ቀለም ወይም ክሮም ሊወጣ ይችላል። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ሰማያዊ ቢወጣ የጣሊያኑን ሳይክል ሠሪ ቢያንኪን ጠርጥር፣ ግን በቀለም ብቻ አትወስን። የላዩን ቀለም ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዴ በአሸዋ ከተገፈፈ ግን የፋብሪካው ቀለምና ጽሑፍ አይመለስም። ውስጡን ከዝገት ለመጠበቅ፣ ካደረቅከው በኋላ የተልባ ዘይት በየቱቦው አፍስሰህ እያገላበጥክ አዳርሰው፣ ትርፉን አንጠፍጥፈህ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ተልባ በኛ አገር ሞልቷል፣ የድሮ ሠሪዎችም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው።

እነዳዋለሁ ካልክ ማግኔት ቸርኬው ላይ አስጠጋ። ከያዘው ብረት ነው፣ ብረት ቸርኬ ደግሞ ሲረጥብ ፍሬን አይይዝም። ከደሴ በሀረጎ ወደ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በክረምት በዚያ ቸርኬ አትውረደው። ወደ አልሙኒየም ስትቀይር የድሮው 27 ኢንች 630 ሚሊሜትር፣ የዛሬው 700ሲ 622 ስለሆነ የፍሬን ጫማው 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት መቻሉን አስቀድመህ እይ። የደረቀ የፍሬን ጫማና የተበጣጠሰ ሽቦ በአዲስ ይተካ፤ የመሪውን አንገትም ፈትተህ መሀሉ ላይ ስንጥቅ ፈልግ።

የኮርቻውን ዘንግ ልክ፣ የፔዳሉን ቤት ስፋትና የኋላውን ጆሮ ጥርት ያለ ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን። በነዚያ ሦስቱ የየት አገር ሥራ እንደሆነና ምን ደረጃ ላይ እንዳለ አብረን እናወጣዋለን። ለብረት የሚገዛህን ሰው እስከዚያ ይቆይ በለው።