የአየር ኃይል አብራሪ ለመሆን ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የአየር ኃይል አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ። ስለ ጦር አውሮፕላንና ስለ እውነተኛ ጀብዱ የተጻፉ መጻሕፍት ጠቁሙኝ። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው።»

ውድ ጠያቂያችን፣ የአብራሪ ማስታወሻ ሲነበብ ልብ የሚሰቅለው አደጋው ነው፤ ሙያው ያለው ግን ከአደጋው በፊት በተወሰኑት ውሳኔዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ የጀብዱ መጽሐፍ ስታነቢ አንድ የትምህርት መጽሐፍ ከጎንሽ ይኑር።

ለዚህ የሚሆንሽ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያዘጋጀው «ፓይለትስ ሀንድቡክ ኦፍ ኤሮኖቲካል ኖውሌጅ» ነው። በፒዲኤፍ በነጻ ይወርዳል። ብዙ ሰው ከገጽ አንድ ይጀምርና ስለ ደንብና ፈቃድ የሚያወሩት ገጾች ላይ ሰልችቶት ይተወዋል። አንቺ ከምዕራፍ 4 እና 5 ጀምሪ። አውሮፕላን በምን ኃይል እንደሚነሳ ያስረዳሉ፤ የተማርሽው ፊዚክስ ይበቃቸዋል። ቀጥሎ ስለ በረራ መሣሪያዎች የሚያስተምረውን ምዕራፍ 8 እና ስለ አየር ሁኔታ የሚያስተምረውን ምዕራፍ 12 አንብቢ።

ምዕራፍ 8ን ስትጨርሺ የፈረንሳዊውን አብራሪ የአንትዋን ደ ሴንቴግዙፔሪን «ዊንድ፣ ሳንድ ኤንድ ስታርስ» ክፈቺ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የታተመው በ1939 ነው። ቋንቋው ቅኔ ስለሚበዛበት ሊከብድሽ ይችላል፤ በቀጥታ «ፕሪዝነር ኦፍ ዘ ሳንድ» ወደሚለው ምዕራፍ እለፊ። በ1935 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ከፓሪስ ወደ ሳይጎን ሲበር ከሜካኒኩ ከፕሬቮ ጋር ሊቢያ በረሃ ላይ ወደቀ። ነዳጅ ለመጨመር ሲል ሬዲዮውን ትቶት ነበር። ሌሊት ነው፣ ደመና ነው፤ ንፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል ተብለው ተነስተዋል፤ የት እንደደረሱ ሳያውቁ ብርሃን ፍለጋ ከደመናው ሥር ዝቅ አሉና ከመሬት ጋር ተጋጩ። ከሞት ያተረፋቸው ሜዳውን የሸፈነው ክብ ጥቁር ጠጠር ነው፤ እንደ ኩሽኔታ ከአውሮፕላኑ ሥር ተንከባለለ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጪና እርሳስ አንሺ። ከፍታ መለኪያ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። ከባሕር ወለል አጠገብ 1 ሄክቶፓስካል ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። ያለሽበት ቦታ ግፊት መሣሪያሽ ላይ ከሞላሽው በ10 ሄክቶፓስካል ቢያንስ፣ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍታሽ 80 ሜትር ያህል አብልጦ ያሳይሻል። በጨለማ ዝቅ ለሚል አብራሪ 80 ሜትር ብዙ ነው። ሬዲዮ የሌለው ሰው ደግሞ የአካባቢውን ግፊት የሚነግረው የለም። እንዲህ ስትቆጥሪው ሬዲዮውን የመተው ውሳኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባሻል።

የዘመናዊ አውሮፕላን ሙከራን የሚያሳይሽ የአሜሪካዊው የሙከራ አብራሪ የቸክ ዬገር ግለ ታሪክ ነው፤ በ1985 የወጣ፣ እንግሊዝኛው ቀላል። ጥቅምት 14 ቀን 1947 ኤክስ-1 በተባለው አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት አለፈ። ከሁለት ቀን በፊት ከፈረስ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ስለነበር በሩን የዘጋው በተቆረጠ የመጥረጊያ እጀታ ነው። ሁሉም የሚያወራው ይህንን ነው። አንቺ ግን ስለ ጅራቱ የተጻፈውን ፈልጊ፦ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የድንጋጤ ሞገድ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ መሐንዲሱ ጃክ ሪድሊ አግድም ጅራቱን ሙሉ በሙሉ ማንቀሳቀስን እንደ መፍትሔ አቀረበ። ጉዳቱን መደበቁን ግን እንደ ጀግንነት አትያዢው። ሕመሙን ከሐኪም የሚደብቅ አብራሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚበረውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ሄሊኮፕተር ከሳበሽ የሮበርት ሜሰን «ቺክንሆክ» አለ፤ ቬትናም ላይ ሂዩ የተባለውን ሄሊኮፕተር ያበረረ ሰው በ1983 ያሳተመው። የሥልጠናው ክፍል ወደር የለውም፦ አስተማሪው መጀመሪያ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ፔዳል ብቻ፣ ከዚያ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ኮሌክቲቭ ብቻ፣ ከዚያ ወደፈለገው አቅጣጫ የሚያስኬደውን ሳይክሊክ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ሲይዝ ሄሊኮፕተሩ አልታዘዝ ይለዋል። የጦርነቱ ገጾች ግን ከባድ ናቸው፤ እየቆረጥሽ አንብቢያቸው።

ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያያይዝሽ የጆን ሮቢንሰን ሕይወት ነው። ከቺካጎ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል መራ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 እዚሁ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሕይወት ታሪኮች አሉት።

ስታነቢ ደብተርሽን በአራት ረድፍ ክፈዪው፦ አብራሪው ምን ያውቅ ነበር፣ ምን አላወቀም፣ ምን ወሰነ፣ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው። በቀን ከ10 ገጽ አትለፊ። የማታውቂውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልጊ፤ ሦስቴ የተደጋገመውን ብቻ። ደብተሩ ሲሞላ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ደጋግመሽ የጻፍሽው ስለ ሞተሩና ስለ ጅራቱ ከሆነ፣ የአውሮፕላን ጥገናም በአየር ኃይል ውስጥ ትልቅ ሙያ ነውና አብረሽ አስቢበት።

የዘንድሮ ፈተና ይቅደም። እስከዚያ የበረሃው ምዕራፍና ምዕራፍ 8 ይበቁሻል፤ ሌላው ከፈተናው በኋላ ይደርሳል። በዚህ መሐል ዓይንሽን፣ በተለይ ቀለም መለየትሽን፣ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ታዪ።