ልብስ በፈቃድ በሆነበት ደሴት ሠርቻለሁ፤ ጠይቁኝ

ደሴ ነኝ። የጥር ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቤ ቶናውን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ «ፈረንሳይ ምን ትሠራለህ?» ተባልኩና እውነቱን ተናገርኩ። ደቡብ ፈረንሳይ አንዲት ደሴት ላይ ትንሽ የባሕር ዳር ማረፊያ አለ። ልጆች አይገቡበትም። እንግዶቹ ካልፈለጉ ልብስ አይለብሱም። እዚያ ሦስት ወቅት ሠርቻለሁ። ቁርስ አቀርባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ። ዓምና ደግሞ አራት ቀን በእንግድነት አረፍኩበት።

ከዚያ ቡና ወዲህ ስልኬ ፋታ አላገኘም። ለየብቻ ከምመልስ ሰብስቤ እዚህ ልጨርሰው። ስድቡን ትቼዋለሁ፤ ጥያቄ ያዘለውን ስድብ ግን አስገብቻለሁ።

ከሸዋ በር፦ ቀልድ ነው አይደል?

አይደለም። ደሴቲቱ ኢል ዱ ለቫን ትባላለች፤ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ናት። ለ ላቫንዱ ከሚባል ወደብ በጀልባ ይኬዳል። አብዛኛው መሬት የፈረንሳይ ጦር ነው። ሚሳኤል ይሞክሩበታል፣ ማለፍ ክልክል ነው። በቀረችው ጫፍ ላይ ኤልዮፖሊስ የምትባል መንደር አለች። በግሪክ የፀሐይ ከተማ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ጋስቶን እና አንድሬ ዱርቪል የሚባሉ ወንድማማች ሐኪሞች መሠረቷት። ፀሐይና ንጹሕ አየር ገላ ላይ በቀጥታ ሲያርፉ ጤና ይሰጣሉ ብለው ያምኑ ነበር። እናም በአንድ ወገን ሚሳኤል፣ በሌላው ወገን ራቁቱን ዳቦ ሊገዛ የሚወርድ ሽማግሌ። እኔም ሲነገረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የፈረንሳይ ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ቀድመዋቸዋል። ምሥራቅ ጀርመን በኮሚኒስት ዘመን እንኳ ሕዝቡ ባልቲክ ባሕር ዳር ልብሱን ጥሎ ይዋኝ ነበር። ክሮኤሺያ ያለው ኮቨርሳዳ የሚባል የራቁት መዝናኛ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1961 ነው፤ ያኔ አገሩ ዩጎዝላቪያ ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ ማውለቅ ግዴታ ነው?

የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ልጅ ይህን ቢጠይቅ አይገርመኝም።

እንደ ቦታው ነው። ወደቡና የመንደሩ አደባባይ ላይ ቢያንስ የሆነች ነገር ታገለድማለህ። ሌላው መንገድ ላይ እንደ ፈቃድህ። ግሮት የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ማውለቅ ግዴታ ነው። እዚያ ለብሶ የሚቀመጥ ሰው ሌላውን ሊያይ የመጣ ይመስላል፤ ያ ነው የሚያስቀይማቸው።

እኛ ማረፊያ ሁለቱም ይቻላል። ቀን መዋኛው ዙሪያ አብዛኛው ራቁቱን ነው። ማታ ለእራት ግን ሁሉም ለብሶ ይመጣል። ያውም እንደ ሠርግ ተሽቀርቅሮ። ቀኑን ሙሉ ሲያወልቅ የዋለ ሰው ማታ ልብስ ይናፍቀዋል መሰለኝ። መንገድ ላይ ወገባቸው ላይ የሚጠመጥሟትን ጨርቅ ፓሬዮ ይሏታል። የእኛው ሽርጥ ናት። ከባቲ ገበያ አንድ ሻንጣ ይዤ ብሄድ ኖሮ ይኼኔ ፎቅ ሠርቻለሁ።

ሠራተኛ ለብሶ ነው የሚሠራው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ።

ከመናፈሻ፦ የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር?

ጠዋት አንድ ሰዓት። ትሪ ይዤ በረንዳ ቁጥር አራት ደረስኩ። አንድ ሰባ ዓመት የሚሆነው ሰው ተቀምጧል። የለበሰው የሳር ባርኔጣና መነጽር ነው። ጋዜጣ ያነባል። «ቦንዡር» አለኝ። እኔ ግድግዳውን እያየሁ «ቦንዡር» አልኩና ቡናውን መቅዳት ጀመርኩ። ከስኒው አልፎ በማስቀመጫው፣ ከማስቀመጫው በጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ጉልበቱ። ሰውየው ብድግ አለ። ያኔማ ጭራሽ ኮርኒሱን አየሁ። እሱ ግን ይስቃል። «ልጄ፣ ቡናውን እያየህ ቅዳ» አለኝ።

እናቴ ለዓመታት የምትለኝ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ስለዚያ ሰው የማስታውሰው ቡናው ውስጥ ስኳር እንደማይጨምር ብቻ ነበር። የምሬን ነው። ዓይን ቶሎ ይሰለቻል። መጀመሪያ ሁሉም ቦታ የሚያዩ ይመስልሃል። ከዚያ ፊት ብቻ ማየት ትጀምራለህ፤ ምክንያቱም የሚያወራህ ፊቱ ነው።

ከሆጤ፣ ስሙን የደበቀ ወጣት፦ ሰውነት አልታዘዝ ቢልስ?

ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ሰው ልኮታል። ሁሉም ስሙን ደብቋል።

ከስንት አንዴ ነው የሚሆነው። ከሆነም ፎጣህን ጣል ታደርጋለህ፣ ወይ በሆድህ ትተኛለህ፣ ወይ ባሕር ትገባለህ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀሪውን ሥራ እሱ ይጨርሰዋል። ሆን ብሎ የሚያሳይ ሰው ግን ዕቃውን ሰብስቦ ይባረራል። የፈረንሳይ ሕግም በአደባባይ ወሲባዊ ነገር ማሳየትን እስከ አንድ ዓመት እስራትና 15,000 ዩሮ ይቀጣል። ልብስ አለመልበስ አንድ ነገር ነው፣ ያ ሌላ ነገር።

ከፒያሳ፦ አታስመስል፣ የሴሰኞች ቦታ ነው።

ጥያቄ ባይሆንም ልመልሰው። «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ቤት ላይ ይለጠፋል። አንዱ እንደ እኛ ያለ ነው፦ የልጅ ጫጫታ የለም፣ ሰው ይተኛል፣ ያነባል፣ ይዋኛል። ሌላው ጥንዶች የሚለዋወጡበት ነው፤ እሱም አለ፣ አልዋሽም። ካፕ ዳግድ በሚባለው ትልቁ ሰፈር ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ ማስታወቂያውን አንብብ። «ናቹሪስት» ካለ የመጀመሪያው ነው። «ሊበርታን» የሚል ቃል ካየህ ሁለተኛው ነው። አንድ ጊዜ ይህን ሳይለዩ የመጡ ጥንዶች እኛ ጋ አርፈው፣ በሁለተኛው ቀን «እዚህ ምንም ነገር የለም» ብለው ተበሳጭተው ሄደዋል። ሁሉም ሰው የመጽሐፍ ቁልል ይዞ ተጋድሟል፤ ምን ያድርጉ?

ፎቶ ይቻላል? በፍጹም። መዋኛው አጠገብ ስልክ ካወጣህ መጀመሪያ እንግዶቹ ናቸው የሚነሱብህ።

ቪዛ? ሸንገን ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ቆንስላ ሄደህ ደግሞ «ለመዝናናት» ብቻ በል፣ ዝርዝሩ ይቅርብህ።

አንተስ አወለቅክ? ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ከወልድያ አንዲት እህት፦ ሦስት ልጅ ወልጃለሁ። ሆዴን ለባሌም ሳሳይ መብራት አጥፍቼ ነው። እነዚያ ሴቶች ሞዴሎች ናቸው?

እታለም፣ ሞዴል አንድም አላየሁም። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። ሆዱ የወረደ፣ ጡቱ የወደቀ፣ ጉልበቱ የተቀደደ፣ ደም ሥሩ የተወጠረ። አንዲት ሴት በየዓመቱ ትመጣለች። አንድ ጡቷ በካንሰር ተቆርጧል። ጠባሳው ከብብቷ እስከ ደረቷ መሐል ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የመጣችው። ቁርስ ላይ ማንም ምንም አላላትም። ማርማላታውን አቀብሉኝ አለች፣ አቀበሏት። በማግስቱ ፎጣው ወንበሯ ላይ ነበር። ለምን በየዓመቱ እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም፤ ግን የገባኝ ይመስለኛል።

ብቻሽን መሄድ ትችያለሽ ወይ ላልሽው፣ ትችያለሽ። ብቻቸውን የሚመጡ ወንዶችን ነው ብዙ ቦታ የሚያጣሩት።

ከሰኞ ገበያ፦ ልብስ ከሌለ ሥራው ቀላል ነዋ?

እንደዚያ ብዬ ነበር የተቀጠርኩት። ፎጣውን ማን ነገረኝ! ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ የትም ስትቀመጥ ከሥርህ የራስህን ፎጣ ታነጥፋለህ። ወንበር ላይ ፎጣ፣ አግዳሚ ላይ ፎጣ። የባሕሩ ሌላ፣ የመዋኛው ሌላ። አንድ እንግዳ በቀን አራት ፎጣ ይጥላል። ሃያ ክፍል ሁለት ሁለት ሰው ብለህ አባዛው። አሸዋው፣ የፀሐይ ቅባቱ! ቅባቱ በፍል ውሃ ካልሆነ አይለቅም። የመጀመሪያው አሠሪዬ ደግሞ የትርፍ ሰዓቴን ፎጣ እንደሚያጥፍ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ገንዘቤን ለማግኘት እስከ ገና ተከራክሬያለሁ።

ምን ይዤ ልሂድ? ነጠላ ጫማ፣ ድንጋዩ ይፋጃል። የፀሐይ ቅባት፣ ጥቁር ነኝ አይነካኝም አትበል። በዕድሜው ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቦታ ሲቃጠል ለሳምንት ቆመህ ነው የምትበላው። ሹራብም ያዝ። ሚስትራል የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሲመጣ ራቁትነቱ ያበቃል፤ ሁሉም እንደ ደሴ ሰው ተጀቡኖ ይቀመጣል።

ከከሚሴ፦ ወንድሜ፣ ዲንህስ? ከላሊበላም ተመሳሳይ፦ ነፍስህን አታስብም?

የወሎ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ ሁለቱም አለ። ከሁለቱም ወገን እኩል ተቆጥተውኛል። የወንድ ዐውራ፣ መሸፈን ያለበት ገላ ማለት ነው፣ ከእምብርት እስከ ጉልበት እንደሆነ መድረሳ ያልሄደም ያውቃል። ጠበል ስንጠመቅም ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ ነው። እኔ ፈትዋ አልሰጥም፣ ንስሐም አልቀበልም። የማያስኬድህ ከሆነ አትሂድ። ለመኖር የሠራሁትን ነው የምነግርህ።

ከመካነ ሰላም አንድ አባት፦ ልጄ፣ ስንቱ ልብስ አጥቶ ኖሯል። ከፍሎ የሚያወልቅ ሰው ምን ዓይነት ጥጋብ ነው?

አባቴ፣ ከመጡት ሁሉ የከበደኝ የእርስዎ ነው። ወሎ ውስጥ ራቁት የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳል። የ66ቱም የ77ቱም። አያቴ ያኔ አንድ ነጠላ ለሦስት ይለብሱ እንደነበር ትነግረን ነበር፤ አንዷ ውሃ ስትቀዳ ሁለቱ ቤት ይጠብቃሉ።

ይህን አንድ ቀን ማታ ለዚያ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ነገርኩት። ሚስትራል ይነፍስ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነጠላ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። ነጠላ ስላልነበረኝ ከክፍሌ ጋቢዬን አምጥቼ አሳየሁት። ሸማኔው በእጅ እንደሚሠራው ስነግረው ጥለቱን በጣቱ ቆጠረ። ብርድ ስለነበር ደረብኩለት። እስኪተኛ አላወለቀውም። መልስ አይደለም፣ አውቃለሁ። ያለኝ ግን ይኸው ነው።

ከሐይቅ አንድ ባለሀብት፦ ሐይቁ ዳር እንዲህ ያለ ብንከፍት ያዋጣል?

ያስራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአደባባይ ከመልካም ጠባይ ውጪ የሆነ ድርጊት ያስቀጣል። ደግሞ ቦታውን አስብ እንጂ! ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማዶ! ሴት የማትገባበት ገዳም ፊት ለፊት ምን ልትተክል ነው? ከዚያ ይልቅ ስልክ በር ላይ የሚቀመጥበት ሎጅ ክፈት። ፎቶ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እንግዶቹ ለብሰው። እኔ መጀመሪያ እመዘገባለሁ።

እሺ፣ አንተስ?

ዓምና። በእንግድነቴ ሁለተኛ ቀን። ግሮት ወረድኩ፤ ግዴታ ስለሆነ አወለቅኩ፤ ሮጬ ባሕር ገባሁ። ውሃ ውስጥ ሁሉም ቀላል ነው። ቦርከና ስንዋኝ ማን ለብሶ ያውቃል? ሱሪያችንን ቁጥቋጦ ላይ ሰቅለን፣ አንዱ ጓደኛ ሰርቆ ሲሮጥ በቅጠል ከልለን እናሳድደው ነበር። እሱን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ።

ስወጣ ፎጣዬ የለም። ነፋስ ወስዶት ከዳርቻው ማዶ ድንጋይ ላይ ተለጥፏል። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ከሐረጎ ዳገት ይረዝም ነበር። በሁለት እጄ ከልዬ ተራመድኩ። መንገድ ላይ ያለፍኳቸው ሰዎች አንዳቸውም ከመጽሐፋቸው ቀና አላሉም። ትንሽ ቅር አለኝ፣ እውነቱን ልናገር።

ከቧንቧ ውሃ፣ የልጅነት ጓደኛ፦ እናትህ ታውቃለች?

ሆቴል እንደምሠራ ታውቃለች። ትናንት ቡና እያፈላች «እንግዶቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ። ጨዋ ናቸው፣ ያነባሉ፣ ቡና ያለ ስኳር ይጠጣሉ አልኳት። «ምን ይለብሳሉ?» አለች።

ፎጣ አልኳት።