ሬዶክስን በትርፍ ላፕቶፕ ላይ መሞከር፦ ጠይቁኝ

ሬዶክስ ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ ማይክሮከርነል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ማለትም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ትንሽ ነው፣ ሌላው ሥራ ከሱ ውጭ ባሉ ፕሮግራሞች ይሠራል። በ2015 የተጀመረ፣ ገና ሙከራ ላይ ያለ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የምትሳሱለት ፋይል ያለበትን ዲስክ ንቀሉ።

ጥያቄ፦ ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ልጫነው?

መልስ፦ አይሆንም። ጫኚው ዲስኩን ጠርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሳው። "ዩዘር" ብለህ ግባ፣ ፓስወርድ የለውም። ዲስኩንም ንቀል ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ዋይፋይ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ኬብል።

ጥያቄ፦ ድራይቨር ቢሞት ሲስተሙ አይሞትም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ድራይቨር ማለት አንዱን የማሽኑን ክፍል የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ነው የሚሮጠው። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር የሱ ያልሆነ ሜሞሪ ላይ ከጻፈ ማሽኑን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ሬዶክስ ላይ ግን ያው ድራይቨር እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ውጭ ነው፤ ከርነሉን የሚያናግረው በመልእክት ነው። ቢወድቅ ብቻውን ይወድቃል። ግን መውደቅና መነሳት ይለያያሉ። የሞተውን የሚያስነሳ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በ2005 የወጣው ሚኒክስ 3 የሚባል ሌላ ማይክሮከርነል ሲስተም ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ነበረው። የሞተው የዲስኩ ድራይቨር ቢሆንስ? አዲሱን ከየት ታነበዋለህ? ከዲስኩ? ሚኒክስ ቅጂውን ራም ላይ ያስቀምጥ የነበረው ለዚህ ነው። "ማይክሮከርነል አይወድቅም" የሚል ሰው ይህን አላሰበበትም።

ጣልቃ፦ በመልእክት መመላለሱ ያዘገያል። የሚኒክስ ፈጣሪና የማይክሮከርነል ደጋፊ ታኔንባውም በ1992 ሊኑክስን ጊዜው ያለፈበት አለው፤ ዛሬ ዓለም በሊኑክስ ይሠራል።

ሌላ አባል፦ ኢንቴል ቺፕ ውስጥ የተደበቀው ሚኒክስስ?

ጣልቃ፦ እሱን ማን ፈልጎት?

መልስ፦ ተዉት። ማክ (Mach) የሚባለው የድሮ ማይክሮከርነል ቀርፋፋ ነበር። በ90ዎቹ ኤል4 የሚባል ማይክሮከርነል መጥቶ ችግሩ የአሠራር እንጂ የሐሳቡ አለመሆኑን አሳይቷል። የቀረውን ክርክር ሰርግ ላይ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ አልሠራ አለኝ።

መልስ፦ ምኑ? የቱ ማሽን? ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል? እንዲህ ያለውን አልመልስም።

ጥያቄ፦ ክሮም አለው? ዩቲዩብስ?

መልስ፦ የለም። ኔትሰርፍ የሚባል ቀለል ያለ ብራውዘር አለ። ዩቲዩብ ስልክህ ላይ።

ጥያቄ፦ መብራት ድንገት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የሬዶክስ ፋይል ሲስተም፣ ሬዶክስኤፍኤስ፣ አሮጌውን ዳታ ላዩ ላይ አይጽፍበትም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚቀይረው። ግማሽ ላይ ቢጠፋ አሮጌው እንዲተርፍ ነው የታሰበው። ቢሆንም ሙከራ ነው። ቅጂ የሌለው ፋይል አታስቀምጡበት።

ጥያቄ፦ የኔ ላፕቶፕ ዋይፋዩን አላየውም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኬ-ብ-ል።

ጥያቄ፦ ያለኝ የሥራ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ዲስኩን መንቀል አልችልም።

መልስ፦ እንግዲያው ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ ሞክሪው፣ እህቴ። ዲስክሽን አይነካም።