«እኔ የሚባል የለም» ለምትል ባልደረባ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ቡድሂስት የስሪላንካ ሴት አለች። ማታ ስንጫወት «እኔ የሚባል የለም፤ የሚያሠቃይሽ «እኔ» አለ ብለሽ መያዝሽ ነው» ትለኛለች። ጌታም ራስህን ካድ ብሏል። ሁለቱ አንድ ናቸው? አብሬያት ዓይኔን ጨፍኜ ብቀመጥስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምታምነውን በትክክል እንያዝላት። ቡድሃ «ሰው ከንቱ ነው» አላለም። በሕንድ አገር በሳርናት ለአምስቱ ባሕታውያን ሲያስተምር ሥጋን፣ ስሜትን፣ ለይቶ ማወቅን፣ የሐሳብ ዝንባሌን፣ ንቃተ ኅሊናን አንድ በአንድ አንሥቶ «ይህ ይለወጣል፤ ስለዚህ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ አትበሉት» ነው ያላቸው። አንድ መንገደኛ «እኔነት አለ ወይስ የለም?» ብሎ ፊት ለፊት ሲጠይቀው ዝም አለው። ሰው ሲሞት ፈጽሞ ይጠፋል ማለትንም እንደ ስሕተት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ «እናንተማ ምንም አታምኑም» ብለሽ አትከራከሪያት፤ እውነት አይሆንም።

«የእኔ፣ የእኔ» ማለት ነፍስን እንደሚያስር እኛም እናምናለን። ቅዱስ ጳውሎስ «እኔም አሁን ሕያው ሆኜ አልኖርም ክርስቶስ ግን በእኔ ይኖራል» ብሏል (ገላ. 2፥20)። መነኩሴ ሲመነኩስ በቁሙ ተገንዞ ፍትሐት ይደገምለታል። ለዓለም ሞቷልና። ነገር ግን ከተኛበት ይነሣል፤ «አባ እገሌ» ተብሎም ይጠራል። መለያያችን እዚህ ላይ ነው። በእነርሱ ትምህርት የሚጠራ ፈጣሪ የለም፤ መያዙን መተው ራሱ ነጻነት ነው። እኛ ግን ራሳችንን የምንክደው ለሚወደን አካል ነው፤ እርሱም «በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ይላል (ኢሳ. 43፥1)። ትንሣኤ ሙታንን ስንጠብቅ የምንነሣው እኛው ራሳችን ነን። ሰው ሞቶ ዳግመኛ ይወለዳል የሚሉትን ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል የሚለው ዕብ. 9፥27 ይዘጋዋል፤ ብዙ አያከራክርም።

በነገራችን ላይ የቡድሃ ታሪክ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለወጣ የሕንድ ልዑል ይተርካል። ሊቃውንት ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን ይናገራሉ። በእኛው መጽሐፍ ግን ልዑሉ ተጠምቆ ክርስቲያን ይሆናል። እኔ ከዚህ የምማረው ሰምቶ መመርመር እንደማያስነውር ነው።

ጸጥ ብሎ መቀመጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። «እኔ የሚባል የለም» ወደሚል መደምደሚያ ለመድረስ የሚደረገውን ልምምድ ግን ተዪው፤ እርሱ የሌላ እምነት ትምህርት ነው። ሙሉ ጨረቃ በሚሆንበት ቀን ለቡድሃ ምስል አበባ ስታቀርብም አብረሽ አታቅርቢ፤ በትሕትና «እኔ በራሴ ሥርዓት እጸልያለሁ» በያት። እርሷ በምትቀመጥበት ሰዓት አንቺ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ በዪ። መቁጠሪያ ከሌለሽ በጣትሽ ቁጠሪ። ለነፍስ አባትሽም በስልክ ንገሪያቸው።